ከማንም ያልተጣላ ሰው

ሰው ከሥራው በጥፋት ይባረራል፤ እኔ በእረፍት ተባረርኩ።

የመሥሪያ ቤታችን የሰው ኃይል ኃላፊ ጠራችኝና፣ “ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድ ተከማችቶ ተከማችቶ ፋይልህ አልዘጋ ብሎኛል። ወይ ትወጣለህ፣ ወይ ይቃጠላል” አለችኝ።

“ወጥቼ ምን ልሥራ?”

“ምንም። ፈቃድ ማለት እሱ ነው።”

ለማያውቀኝ ሰው ልንገር፤ አዳማ ተቀምጬ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ። ጸጉሬ የሸበተው የሞጆ ደረቅ ወደብን ኮንቴነሮች፣ የመልካሳን አዲስ የቦሎቄ ዝርያ፣ የወለንጪቲን የዝናብ መዘግየት ስዘግብ ነው። የምታወቀውም ባለመደንገጥ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ ለእርድ የቀረበው በሬ ገመዱን በጥሶ ወደ ክብር እንግዶቹ ሮጠ። ሰው ሁሉ ወንበር ላይ ሲወጣ እኔ ባለሁበት ቆሜ “ቀይ፣ ግንባሩ ነጭ” ብዬ ጻፍኩ። በሬው እኔን ዞሮ አለፈ። ባልደረቦቼ ይህን እንደ ጀግንነት ያወሩታል። እውነቱ ግን በሬውም ቢሆን ምንም ስሜት የማያሳይ ሰው ላይ ጉልበቱን ማባከን አልፈለገም።

ለእረፍቴ ተራራና ውሃ ያለበት ቦታ መረጥኩ። ሌላው ዓለም በባሕር ዳርቻ የቆመ ተራራ ሊያይ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል አሉ። እኛ ወደባችን እንኳ ደረቅ ነው፤ ቢሆንም ሐይቅ አናጣም። ከባቱ ወዲያ፣ ሻላና አብያታ የሚባሉትን ሁለት ሐይቆችና በመካከላቸው የቆመውን ተራራ አቅፎ የያዘ ብሔራዊ ፓርክ አለ። “አቅፎ የያዘ” የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ የእኔ ናት። ስለዚህ ፓርክ ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ! ሁሉንም የጻፍኩት ግን ከጠረጴዛዬ ሆኜ፣ በስልክ እየጠየቅሁ ነው። አንድ ቀን እንኳ በእግሬ አልረገጥኩትም። ሄጄ በዓይኔ ላረጋግጥ አልኩ። ምን ማድረግ ይቻላል፣ ለአንዳንድ ሰው መዝናናት ማለት ማረጋገጥ ነው።

ባለቤቴ አስቴር ድሬዳዋ ናት። ልጃችን ስትወልድ ልታርሳት ሄዳ ነው። ይህን የጠቀስኩት መረጃው የተሟላ እንዲሆን ብቻ ነው።

ጠዋት መንገድ ከመጀመሬ በፊት ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው የአቶ መሐመድ ሱቅ ውሃና ብስኩት ልገዛ ገባሁ። አቶ መሐመድ ወሎዬ ነው፤ የሰፈሩን ሰው ወጪና ገቢ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

“ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው? ምን ደረሰ?” አለኝ። ከቤት ከወጣሁ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ደርሷል ማለት ነው።

“ምንም አልደረሰም። ልዝናና ነው።”

“ከማን ጋር?”

“ብቻዬን።”

ብስኩቱን ከመደርደሪያው ሊያወርድ የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። “ብቻህን... ልትዝናና?” ቀስ ብሎ ብስኩቱን አወረደና በሁለት እጁ ሰጠኝ። “አላህ ያጽናህ” አለኝ።

ማንም አልሞተብኝም። እንዲያው ለመዝገብ ያህል።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ቪትዝ ተራራ አትወጣም የሚሉ አሉ፤ ትወጣለች፣ ግን ታማርራለች። ጋቢናው ላይ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ትንሽ እንደሄድኩ መኪናዋ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች፤ ጋቢና ያለው መንገደኛ ቀበቶ አላሰረም ማለቷ ነው። ዳር ይዤ ቆምኩና ለቦርሳዬ ቀበቶ አሰርኩለት። ከዚያ በኋላ ሦስታችንም በሰላም ተጓዝን።

በሥራ ጉዞ ሾፌሩ ዘፈን ይመርጣል፣ ካሜራማኑ በየከተማው ይርበዋል፣ እኔ ስለ ሁለቱም አማርራለሁ። አሁን የሚያማርረው ሰው መኪናው ውስጥ ነበር፤ የሚማረርበት ግን አልነበረም። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን መቂ ስንደርስ “ቲማቲሙ ደርሷል” አልኩ ጮክ ብዬ። እውነትም ደርሶ ነበር፤ በየመንገዱ ዳር በሳጥን ተቆልሏል። ቦርሳዬ አልተቃወመም። ሰው ካልተቃወመው የተናገረው ነገር እውነት መሆኑን በምን ያውቃል? ይህን እያሰብኩ ባቱ ገባሁ።

ባቱ ላይ ዓሣ ቤት ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ ጠረጴዛውን ወለወለችና፣ “ሰዎቹ እስኪመጡ ውሃ ላምጣልዎት?” አለች።

“የሚመጣ ሰው የለም።”

ዓሣውን አመጣች። ቂጣውን አመጣች። ሚጥሚጣውን አመጣች። አራተኛ ጊዜ ምንም ሳትይዝ መጣችና፣ “አይዞዎት ጋሼ፣ ይመጣሉ” ብላኝ ሄደች። እኔ የማውቀው ከዓሣ ጋር ሎሚ ሲቀርብ ነው፤ ማጽናኛ ሲቀርብ ያን ዕለት አየሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ብቻውን የሚበላ ሰው ይታዘንለታል፣ ብቻውን የሚስቅ ሰው ይጸለይለታል፤ ብቻውን ተራራ ሊያይ የሚሄድ ሰው ግን ምን እንደሚደረግለት ገና ደንብ አልወጣለትም። ደንቡን ያወጡልኝ የሻላ ሰዎች ናቸው።

ፓርኩ በር ላይ ቲኬት የሚቆርጠው ሰው “ስንት ናችሁ?” አለኝ።

“አንድ።”

ከወንበሩ ተነሥቶ መጣና የኋላ ወንበሩን በመስኮት አየ። የተኛ ሰው ፈልጎ ይመስለኛል። ከዚያ ጥበቃ፣ እነሱ ስካውት የሚሉትን፣ መደበልኝ። ከድር ይባላል፤ ጎልማሳ፣ የስድስት ልጆች አባት፣ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ጋቢና ገባ። ቦርሳዬ ከነክብሩ ወደ ኋላ ተዛወረ።

“አካም ጅርታ፣ ጋሼ” አለኝ።

“ፈያ። ገለቶማ” አልኩ። የእኔ ኦሮምኛ ሰላምታው ላይ ደህና ነው፤ ከዚያ በኋላ አማርኛ ይሆናል።

ጥቂት እንደሄድን ሰጎኖቹን አየናቸው። ሁለት ሁለት ሆነው ነበር። ይህን ታዝቤ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ስለማልወድ ደግሞ መጠየቅ ጀመርኩ። ጠያቂ ሰው መጠየቅ የሚጀምረው ሌላ የሚያወራው ሲያጣ ነው።

“ሻላ ጥልቀቱ ስንት ነው?”

“በጣም ጥልቅ ነው፣ ጋሼ።”

“በጣም ማለት ስንት ነው?”

“ማን ገብቶ ለካው?”

“ዳሩስ? ወዲያው ነው የሚጠልቀው ወይስ ቀስ በቀስ?”

ከድር ዞሮ አየኝ። “ለምን ነው?”

“ለማወቅ ያህል። ውሃው ጨዋማ ነው ይባላል። የገባ ነገር ተመልሶ ይወጣል?”

“ምን ዓይነት ነገር?”

“ማንኛውም ነገር።”

ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ቤተሰብ አለዎት?” አለኝ።

“አለኝ። ሩቅ ናቸው።”

“ሥራስ?”

“ውጣ ብለውኝ ነው የመጣሁት።”

ከዚህ በኋላ ከድር መንገዱን ማየት ተወ፤ የመኪናዬን መሪ እንጂ ሌላ አያይም።

ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስንደርስ ወረድን። የጉዞ ጽሑፍ እንድጽፍ የላከኝ የለምና አጭር አደርገዋለሁ። በአንድ በኩል አብያታ ሳስቶ፣ ነጭ ዳርቻውን አስፍቶ ተኝቷል። በሌላ በኩል ሻላ ሰማያዊ ሳይሆን ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ዝም ብሎ የሚያስብ ውሃ ይመስላል። ተራራው ከሁለቱ መሐል ቆሞ አንዱንም አይነካም። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣሁ። ፎቶውን አየሁት፣ ጥሩ ነበር። ለማን እንደምልከው አሰብኩ። ስልኬ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከነመሥሪያ ቤቱ ነው የተመዘገበው፤ “ተሾመ ውሃና ፍሳሽ”፣ “ኮማንደር ትራፊክ”፣ “ጫልቱ ግብርና”። ለውሃና ፍሳሽ ሰው የሐይቅ ፎቶ ቢልኩለት ቅሬታ ይመስለዋል። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። እኔ ሐይቁን አያለሁ፤ ከድር እኔን ያያል። እንዲህ ሆነን ቆየን።

“ወደ ውሃው እንውረድ” አልኩት።

“ከዚህም ደህና ይታያል እኮ፣ ጋሼ።”

“መንካት እፈልጋለሁ።”

ወረድን። በሻላ ዳር ፍል ውሃ ከመሬት እየፈላ ወደ ሐይቁ የሚፈስበት ቦታ አለ፤ ጉልበቱን የሚያመው፣ ወገቡ የያዘው ሰው እየመጣ ይነከርበታል። ራቅ ብሎ ሰው ይታያል። እኔ ወደ ሐይቁ ጫፍ ሄድኩና ጫማዬን አወለቅሁ። ካልሲዬን አጥፌ ጫማዬ ውስጥ አደረግሁ። ሰዓቴንና ስልኬን በላዩ አስቀመጥኩ። ሥርዓት እወዳለሁ። የመኪናዬን ቁልፍ ለከድር ሰጠሁትና፣ “ይህን አንተ ያዘው፣ ውሃ ውስጥ አያስፈልገኝም” አልኩት። የመረጃ ምንጭን ማመስገን የሥራ ልማዴ ስለሆነ እጁን ጨብጬ፣ “ላደረግክልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ከዚህ በኋላ ብቻዬን እችላለሁ” አልኩት።

ሱሪዬን ሰብሰብ አድርጌ ውሃው ውስጥ አንድ እግሬን እንዳስገባሁ ከኋላዬ ጠመንጃ ሳር ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ስድስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ክንድ ወገቤን ያዘኝ። ሁለታችንም ጭቃው ላይ ተዘረጋን።

“ያ ጃርሶሊ! ኮታ! ኮታ!” እያለ ከድር ይጮኻል። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ኑ ማለቱ ነው።

“ምን ሆነሃል?” አልኩት ከሥሩ ሆኜ።

“ጋሼ፣ ሕይወት እኮ አንድ ናት!”

ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ጭቃው ላይ እንደተኛሁ ፍሬ ነገሮቹን በተራ አሰብኳቸው። ሰውየው ብቻውን መጣ። ቤተሰቡ ሩቅ ነው። ከሥራ ውጣ ተብሏል። የሐይቁን ጥልቀት ጠየቀ፤ የገባ ነገር ይወጣ እንደሆነም ጠየቀ። ጫማውን አወለቀ፣ ሰዓቱን አስቀመጠ፣ ቁልፉን አስረከበ፣ አመሰገነ፣ ተሰናበተ። እውነቴን ነው፣ እነዚህን መረጃዎች ይዞ አንድ ጀማሪ ዘጋቢ ቢመጣልኝ ዜናውን አሳልፈው ነበር። አንዱም ስሕተት የለበትም። ከድር የሠራው እኔ ዕድሜ ልኬን የሠራሁትን ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እኔ ከዘገብኩ በኋላ ሰው ወገብ ላይ አልጠመጠምም።

ሽማግሌዎቹ ከፍል ውሃው መጡ። ሁለት ናቸው። አንደኛው ሐጂ ቡሽራ፣ ረጅም፣ ጢማቸው በሒና የቀላ። ሁለተኛው ኦቦ በዳሶ፣ አጭር፣ ፎጣ በራሳቸው የጠመጠሙ። የሁለቱም ሱሪ እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል፤ እግራቸው ከሙቀቱ የተነሣ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ከድር በኦሮምኛ ሁሉን ነገራቸው። ጫማዬን አሳያቸው። ሁለቱ ጫማዬን ከበው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ሐጂ፣ ስሕተት ተፈጥሯል” አልኩ እየተነሣሁ። “እግሬን ልታጠብ ነው።”

“እናውቃለን ልጄ” አሉ ሐጂ ቡሽራ በጣም በርኅራኄ። “ሁሉም ልታጠብ ነው ይላል። ና።”

ሽምግልና የሚቀመጠው ዛፍ ሥር ነው። እነሱ ግን የፍል ውሃውን ሕክምና ማቋረጥ ስለማይችሉ ችሎቱ ወደዚያው ተዛወረ። በውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ አራታችንም እግራችንን ነክረናል። ለመታጠብ የመጡ ሴቶችም ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ጆሯቸውን አዙረውልን ተቀመጡ።

“ከማን ጋር ተጣላህ?” አሉ ሐጂ።

“ከማንም አልተጣላሁም።”

“ከወንድም?”

“አልተጣላሁም።”

“ከጎረቤት? በድንበር? በውርስ?”

“አልተጣላሁም፣ ሐጂ።”

ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ። “እኔ ስንት ዘመን ሳስታርቅ ኖሬአለሁ። ሁለት ሰው የገደለ አይቻለሁ፤ እሱን አስታርቀነዋል። ከማንም ያልተጣላ ሰው ግን ያስፈራል። ሰው የሚጣላው ሰው ሲኖረው ነው።”

“ሚስት አለችህ?” አሉ ኦቦ በዳሶ።

“አለችኝ። ድሬዳዋ ናት። ልጃችን ወልዳ ልታርሳት ሄዳ ነው።”

“ማሻአላህ!” አሉ ሐጂ። ፊታቸው በራ። “አራስ ቤት ከሆነች ጥሩ ነው። እናት ሄዳ ልጇን ማረሷ ጠብ አይደለም። ይኸው፣ ሰውየው ናፍቆት ነው የያዘው። ለሚስቱ በስልክ እናስረክበውና እንጨርስ። ከድር፣ ስልኩን!”

ከድር ስልኬን ከጫማዬ ላይ አንሥቶ ሰጠኝ፤ ከፍቼ ስሟ ላይ ሳደርሰው መልሶ ወሰደና ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሐጂ ያዘላቸው። ጠራ። ተነሣ።

“ሄሎ?” አለች አስቴር።

“አስቴር አንቺ ነሽ?”

“አዎ። ማን ልበል?”

“ሽማግሌዎች ነን። ከሻላ ሐይቅ ነው የምንደውለው። ባልሽን ውሃው ዳር አገኘነው።”

ከዚያ “ኢየሱስ!” የሚል ጩኸት ከድሬዳዋ ሻላ ድረስ መጣ።

ተነሥቼ አፌን ከፈትኩ። ሐጂ በትራቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ። “ተቀመጥ። የአንተ ተራ አልደረሰም።”

“ሞቼአለሁ ብላ እያሰበች ነው እኮ!”

“በተራህ ትናገራለህ።”

ኦቦ በዳሶ ሊያጽናኗት ወደ ስልኩ ተጠጉ። “አታልቅሺ፣ ሰዓቱ አልጠፋም። ጫማውም ደህና ነው። ካልሲውን ራሱ አጥፎ ነው ያስቀመጠው።”

በዚያኛው ጫፍ የሌሎች ሴቶች ድምፅ ተጨመረ፤ ጎረቤት እየገባ መሆን አለበት። በሥራ ዘመኔ ስንት የተሳሳተ ዜና አስተባብያለሁ! የራሴን ሞት በቀጥታ ሥርጭት ስሰማ ግን ማስተባበያ የማወጣበት ተራ አልተሰጠኝም። እንደ ልማዴ አልደነገጥኩም። ሁለት ጊዜ ልነሣ ስል ብቻ በትሩ ሁለት ጊዜ መለሰኝ።

በዚህ መካከል አንድ ቀጭን ድምፅ፣ “እማማ፣ ለምን ታለቅሻለሽ? ስልኩን ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ አናግረዋለሁ” አለ።

ሐጂ ቡሽራ ስልኩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። “ማን ነው ይሄ?”

“የልጅ ልጄ።”

“ሌላ የልጅ ልጅ አለህ?”

“የለኝም።”

“የተወለደው ይሄ ነው?”

“አዎ።”

ከሴቶቹ አንዷ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለች፤ ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ። ኦቦ በዳሶ ፎጣቸውን ከራሳቸው አወለቁ። “ይሄ ጨቅላ እኮ ትምህርት ቤት መግባት አለበት” አሉ።

ሐጂ ግን አልሳቁም። ስልኩን ራሳቸው ያዙ። “አስቴር፣ ባልሽ አልሞተም። እዚህ እግሩን ነክሮ ተቀምጧል። አሁን ለእኔ መልሺልኝ፤ ተጣልታችኋል?”

ለረጅም ጊዜ ትንፋሿ ብቻ ተሰማ። መጀመሪያ ተረጋጋች፤ ከዚያ ተናደደች፤ ሃያ ምናምን ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የሚስቱን ትንፋሽ ይለያል።

“አልተጣላንም” አለች።

“እሱም እንደዚያ ነው የሚለው።”

“እውነቱን ነው። በየእሑዱ ይደውላል። የአዳማ ሙቀት እንዴት እንደሆነ ይነግረኛል። መብራት ጠፍቶ እንደነበረ ይነግረኛል። ሽንኩርት ስንት እንደገባ ይነግረኛል። ከዚያ ደህና ሁኚ ብሎ ይዘጋል። ዜና ነው የሚያነብልኝ፣ ሐጂ። እኔም አዳምጬ እዘጋለሁ።”

“ነይ ብሎሽ አያውቅም?”

“አያውቅም።”

“ቢልሽ?”

“አላለኝማ። እዚህ ሱቅ ደርሼ ብመጣ ይሄ ልጅ ‘እማማ የት ሄድሽ’ ይለኛል። ሰው ወዳልተጠራበት ቤት እንዴት ይመለሳል?”

ሐጂ በትራቸውን ከደረቴ አነሡ። “አሁን ተራህ ደረሰ” አሉኝ።

“ቤቱ የራሷ ነው” አልኩ። “ሰው ለገዛ ቤቱ ግብዣ ያስፈልገዋል ብዬ አላሰብኩም። ልጃችንን እየረዳች ስለሆነ ማጣደፍ...”

“ለእኔ አይደለም። ለእሷ። አንድ ቃል ናት።”

ስልኩን ወደ አፌ አስጠጉልኝ። ሚኒስትር ጠይቄአለሁ፤ ጄኔራል ጠይቄአለሁ፤ አንድም ቀን ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። “አስቴር” አልኩ። “በእኔ በኩል ያለው ሁኔታ እንደሚታወቀው...”

“ይሄ ስብሰባ ነው” አሉ ኦቦ በዳሶ።

“ብትመጪ ተቃውሞ የለኝም።”

ሴቶቹ ጀርባቸውን መስጠት ትተው ሙሉ በሙሉ ዞሩ። ከድር ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። “ጋሼ!” አለ፣ ሐይቁ ውስጥ ገብቼ ቢሆን ይሻለው እንደነበር በሚያስታውቅ ድምፅ።

እና ምን ላድርግ? ፍል ውሃው ይፈላል። ተራራው ቆሟል። ስልኩ ውስጥ ሚስቴ አለች። ለራሴ እንኳ አምኜ የማላውቀውን ነገር ያን ጊዜ አወቅሁ። ያልጠየቅኋት ትዕግሥተኛ ስለሆንኩ አልነበረም። አንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሊኖረው እንደሚችል ከማንም በላይ ስለማውቅ ነው።

“ነይ” አልኩ።

“አልሰማሁም” አለች።

“ነይ፣ አስቴር።”

አሁን ማንም አልሳቀም። አስቴር ቀስ ብላ፣ “ጭነህ የላክኸኝ ዕቃ ነኝ? በማላውቃቸው ሰዎች ስልክ አስይዘህ፣ ሕዝብ ሰብስበህ፣ ነይ ትለኛለህ? የሚፈልግ ሰው ይመጣል” አለችና ስልኩ ተዘጋ።

“ዘጋች” አልኩ።

“ጥሩ ነው” አሉ ሐጂ ቡሽራ።

“ምኑ ነው ጥሩ?”

“አልመጣም ብላ አልዘጋችም። የሚፈልግ ይመጣል ብላ ነው የዘጋችው። ሴት ልጅ ከዚህ በላይ መንገድ አታሳይም።”

“ታዲያ ከእኔ ጋር ይምጡ። ሽማግሌ ይዤ ልሂድ።”

ሐጂ ቀይ እግራቸውን ከውሃው አወጡና በፎጣ ማድረቅ ጀመሩ። “ሽማግሌ ለጠብ ነው። ጠብ ቢሆን ኖሮ እመጣልህ ነበር፤ ጠብ ቀላል ነው። ይሄኛውን ብቻህን ነው የምትሄደው።”

ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ መረቁኝ፤ ሴቶቹና ከድር “አሚን” ይላሉ፣ እኔም ከእነሱ ጋር “አሚን” እላለሁ። ምን እንደተመኙልኝ ግማሹ አልገባኝም። በተባልኩት ሁሉ ተስማማሁ።

ከድር የመኪናዬን ቁልፍ የሰጠኝ ፓርኩ በር ላይ ስንደርስ ነው፤ እስከዚያ ራሱ ነዳ። መንጃ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው አልጠየቅሁም። ከጥያቄ የታቀብኩበት ብቸኛው ጊዜ ያ ነው። “ጋሼ” አለኝ ሲወርድ፣ “ሌላ ጊዜ ሲመጡ ሁለት ሆነው ይምጡ። ለእኛም ሥራ ይቀልልናል።”

አዳማ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ጭቃ ሆኜ ስለነበር ሸሚዝ ልቀይር ቤት ገባሁ። በሩን ከፍቼ ስገባ የት ነበርክ ያለኝ የለም። ሻላ ዳር በአንድ ቀን ስንት ሰው ጠየቀኝ፤ ከማን ጋር ተጣላህ፣ ቤተሰብ አለህ፣ ለምን መጣህ። ቤቴ ምንም አልጠየቀኝም። ሳሎኑ ውስጥ ቆሜ ሸሚዜን ቆለፍኩ፤ የቁልፉ ድምፅ ይሰማ ነበር። አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ እሑድን እጠብቃለሁ፣ እሑድም ስለ ሙቀቱ እነግራታለሁ። ሌላ ሸሚዝ ያዝኩና ወጣሁ።

ዛሬ አዋሽ አድሬ ነገ ድሬዳዋ እገባለሁ ብዬ ወደ ምሥራቅ አቀናሁ። ከጅቡቲ ኮንቴነር ጭነው የሚመጡት ከባድ መኪኖች በአጠገቤ ባለፉ ቁጥር ቪትዟ ትናጣለች። ሙቀት ስለነበር መስኮቱን ከፍቻለሁ። የምላትን ልለማመድ ጀመርኩ። “ነይ” አልኩ፤ ትእዛዝ ሆነ። “ነይ እንጂ” አልኩ፤ ሱቅ የምልካት መሰለ። “ትመጪያለሽ?” አልኩ፤ ቃለ መጠይቅ ሆነ። ረጅሙን ንግግር የሚጽፍልኝ ሰው ባገኝ በከፈልኩ፤ አንድ ቃል የሚጽፍ ግን የለም።

ወለንጪቲ መግቢያ ላይ መኪኖች ተሰልፈው ቀስ ብለው ያልፋሉ። ትራፊክ ፖሊሱ እጁን አንሥቶ አቆመኝ።

“መንጃ ፈቃድ።” አየው። “አባት፣ እያሽከረከሩ ስልክ ማውራት እንደሚያስቀጣ ያውቃሉ?”

“ስልክ አላወራሁም።”

“ሲያወሩ ሰምቼአለሁ። ‘ነይ፣ ነይ’ ይላሉ።”

ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ጋቢናውን አየ፤ ቦርሳው ብቻ ነው ያለው። ከኋላ ማንም የለም።

“ታዲያ ማንን ነው የሚጠሩት?”

እኔ ትራፊክ ፖሊስ ሲያቆመኝ የሥራ መታወቂያዬን ነው የማወጣው፤ ወዴት ሲለኝ “ለዘገባ” እላለሁ። ልማድ ነው። እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር፤ ባዶውን ተመለሰ።

“ሚስቴን” አልኩት። “ድሬዳዋ ናት። ቆይታለች። ልጠራት እየሄድኩ ነው።”

ከኋላዬ ያለው ከባድ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ፖሊሱ ግድ አልሰጠውም። መንጃ ፈቃዴን ይዞ ቆመ፤ ፀሐዩ ፊቱ ላይ ነው።

“ትመጣለች?” አለኝ።

“ገና አልተረጋገጠም” አልኩት።

መንጃ ፈቃዴን መለሰልኝና መንገዱን አስለቀቀልኝ።